ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው

ልጄ ማታ ከክፍሏ ጠርታኝ "አባዬ፣ ፈራሁ" አለችኝ። እኔ የሰማሁት "ሠራሁ" የሚለውን ነው። የቤት ሥራዋን የጨረሰች መስሎኝ "ጎበዝ! በይ አሁን ተኚ" ብዬ በሩን ዘጋሁት። የስድስት ዓመት ልጅ ናት። ጨለማው አስፈርቷት አባቷን ስትጠራ አባቷ "ጎበዝ" ብሎ በር ዘጋባት። ስታለቅስ ያገኘቻት እናቷ ናት።

ጆሮዬ እንደተጎዳ ለራሴ ያመንኩት ያን ቀን ነው። ሌላው ሰው ግን ቀድሞ ያውቅ ነበር። ባለቤቴ ለሁለት ዓመት ያህል "ስናገር ጆሮ ዳባ ልበስ ትላለህ" እያለች ስትቆጣኝ ኖራለች፤ ሆን ብዬ የማልሰማት ይመስላት ነበር። ጓደኞቼ ስልክ ላይ "ኧረ አትጩህብን" ይሉኛል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለሐሜት ነው፤ ሰው በራሱ ላይ የሚወራውን አይሰማም ለማለት። እኔ ላይ ግን ቃል በቃል ደረሰ። ጆሮዬ መጎዳቱን ከሰው ሁሉ መጨረሻ የሰማሁት እኔ ነኝ።

ይህን የምጽፈው ጩኸት ባለበት ቦታ ለምትሠሩና ስለ ካሳ አንድም ቀን አስባችሁ ለማታውቁ ነው። እኔም አስቤ አላውቅም ነበር።

የሠራሁት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው። ሽመና ክፍል፣ የማሽን ሜካኒክ ሆኜ፣ 17 ዓመት። ሽመና ክፍል ገብቶ ለማያውቅ ሰው ጩኸቱን በቃል ማስረዳት ከባድ ነው። በጆሮ ብቻ አይደለም የሚገባው፤ ደረትህ ውስጥ ይሰማሃል፣ ከወለሉ በእግርህ በኩል ይወጣል። እዚያ የምንግባባው በእጅ ምልክትና ከንፈር እያየን ነበር። አዲስ የገባ ልጅ ጥቂት ወር ሳይቆይ ከንፈር ማንበብ ይለምዳል። ያኔ እንደ አንድ ሙያ ነበር የምናየው፤ እንኮራበትም ነበር። አሁን ሳስበው ግን የመስማቴን መቀነስ ለዓመታት የደበቀብኝ ይኸው ከንፈር ማንበብ ነው። ፊቱን እያየሁ የማወራውን ሰው ሁሉ በጆሮዬ የምሰማው ይመስለኝ ነበር። ልጄ ግን የጠራችኝ ከጨለማ ውስጥ ነው። ከንፈሯ አልታየኝም።

ስለ ጩኸቱ ትንሽ ቁጥር ልንገራችሁ፤ በኋላ ለካሳው ጉዳይ ይጠቅማል። ጩኸት የሚለካው በዴሲቤል ነው። ለስምንት ሰዓት ሥራ 85 ዴሲቤል ብዙ ቦታ የጥንቃቄ መነሻ ተደርጎ ይወሰዳል። ዴሲቤል ግን እንደ ኪሎ አይቆጠርም። 3 ብቻ ሲጨምር ጆሮ ላይ የሚያርፈው የድምፅ ጉልበት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በጥብቁ ስሌት 88 ላይ አራት ሰዓት፣ 91 ላይ ሁለት ሰዓት፣ 94 ላይ አንድ ሰዓት፣ 100 ላይ ደግሞ 15 ደቂቃ ብቻ ነው መቆየት የሚቻለው። የእኛ ክፍል አንድ ጊዜ ተለክቶ 97 ነበር። በዚህ ስሌት 97 ላይ የሚፈቀደው ግማሽ ሰዓት ነው። አሜሪካ ውስጥ በሕግ የተቀመጠው ገደብ ላላ ያለ ነው፤ መነሻው 90 ሆኖ ጊዜው በግማሽ የሚቀነሰው በየ5 ዴሲቤሉ ነው። በእሱ እንኳ ቢሰላ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው የሚሆነው። እኛ ስምንት ሰዓት እንቆም ነበር፤ ትርፍ ሰዓት ሲኖር ደግሞ አሥራ ሁለት።

መለኪያ መሣሪያ የሌለው ሰው በዚህ ይገምት፦ አንድ ክንድ ርቆ ከቆመ ሰው ጋር ለማውራት መጮህ ካስፈለገህ ቦታው አደገኛ ሳይሆን አይቀርም።

ጆሮ ውስጥ የሚሆነውን ያስረዳኝ የጆሮ ሐኪሙ ነው፤ ወረቀት ላይ እየሳለ። በውስጠኛው ጆሮ፣ ቀንድ አውጣ በሚመስለው ክፍል ውስጥ፣ ድምፅን ወደ ነርቭ መልእክት የሚቀይሩ ፀጉር መሰል ጫፍ ያላቸው ሴሎች አሉ። በአንድ ጆሮ 15,000 ገደማ ናቸው። ሰው ይዟቸው ይወለዳል፤ ከሞቱ አይተኩም። ጩኸት መጀመሪያ የሚገድለው ቀጭን ድምፅ የሚቀበሉትን ነው፤ በተለይ 4,000 ኸርዝ አካባቢ ያሉትን፤ ኸርዝ የድምፅ ቅጥነት መለኪያ ነው። ሰ፣ ሸ፣ ፈ የሚባሉት ድምፆች የሚሰሙት በዚሁ በቀጭኑ በኩል ነው። አናባቢዎቹ ግን ወፍራም ድምፅ ስለሆኑ ይሰማሉ። ለዚህ ነው "ፈራሁ" እና "ሠራሁ" የተምታቱብኝ። ሰዎች "ጮክ ብለን ስናወራህ ትሰማለህ አይደል?" ይላሉ። አዎ፣ ድምፁ ይሰማኛል። የሚጠፋብኝ ቃሉ ነው።

ወደ ካሳው ልምጣ።

መጀመሪያ የተሰጠኝ ቅጽ "አደጋው የደረሰበት ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የምስክር ስም" ይላል። ብዕሩን ይዤ ቆየሁ። ምን ብዬ ልሙላ? ጣቱ በማሽን የተቆረጠ ሰው ቀን አለው፣ ደም አለው፣ ሮጦ ያነሳው ጓደኛ አለው። የእኔ አደጋ 17 ዓመት ሙሉ በየቀኑ ነው የደረሰው፤ ደም አልፈሰሰኝም፣ ያየም የለም። ቦታውን ክፍት ትቼ አስገባሁ። "ያልተሟላ" ተብሎ ተመለሰ። በኋላ ከሠራተኛ ማኅበሩ አንድ ሰው ጠርቶኝ "ይሄ የአደጋ ቅጽ ነው፤ አንተ የምትሞላው በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታ የሚለውን ነው" አለኝ። ሌላ ቅጽ ነበር ለካ። ቀን የሚለው ላይም ሐኪም በጽሑፍ ያረጋገጠበትን ቀን እንድሞላ ነገረኝ።

ሁለቱን መለየት ትልቅ ነገር ነው። አደጋ በአንድ ጊዜ ይደርሳል፤ ለምሳሌ አጠገብህ የሆነ ነገር ፈንድቶ ጆሮህ ቢጎዳ አደጋ ነው። የዓመታት ጩኸት ግን በሽታ ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በሥራ ምክንያት ለሚመጡ በሽታዎች ባወጣው ዝርዝር ላይ በጩኸት የሚመጣ የመስማት ጉዳት በግልጽ ተጽፏል፤ ዝርዝሩ እ.ኤ.አ. በ2010 ታድሷል። ጀርመን ውስጥ የራሱ ቁጥር አለው፣ 2301። ስለዚህ ማንም "ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት በሽታ ነው?" ቢላችሁ እንዳትሸማቀቁ።

አዲስ ነገርም አይደለም። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ ቀኑን ሙሉ መዳብ ሲቀጠቅጡ የሚውሉ የቬኒስ ሠራተኞች ጆሯቸው እንደሚደነቁር የጻፈው ከ300 ዓመት በፊት ነው። ቶማስ ባር የሚባል የጆሮ ሐኪም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1886 ግላስጎው ውስጥ 100 የቦይለር ሠራተኞችን ለይቶ መርምሮ ነበር። የእንፋሎት ጋኑ ውስጥ ገብተው ብረት የሚይዙ፣ ከውጭ በመዶሻ የሚመታባቸው ሰዎች ናቸው። ጉዳቱ ይህን ያህል ጊዜ እየታወቀ ካሳው ግን በጣም ዘግይቶ ነው የመጣው። አንዱ ምክንያት ደሞዝ ነው። ጆሮው የደከመ ሰው ሥራውን ይቀጥላል፣ ደሞዙም አይቀነስም፤ ታዲያ ምን አጣ ይባል ነበር። ኒውዮርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1948 ፍርድ ቤት የመስማት ችሎታው በሥራ የተጎዳ ሰው ደሞዙ ባይቀነስም ካሳ ይገባዋል አለ፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ መቀየር ጀመረ። እኔንም "ሥራህ ላይ ምን ጎደለብህ?" ብለው ጠይቀውኛል። ሥራዬ ላይ ምንም አልጎደለም። የጎደለው ቤቴ ነው።

ከቅጹ ቀጥሎ የገጠመኝ ነገር ዕድሜ ነው። "ያው ዕድሜ ነው፤ ሰው ሲያረጅ አይሰማም" አለኝ ቢሮ ውስጥ ያለው ሰው። 41 ዓመቴ ነበር። ተናድጄ ወጣሁ፤ ግን መልስ አልነበረኝም። መልሱን የሰጠኝ ሐኪሙ ነው። ኦዲዮግራም የሚባለው ወረቀት ላይ፣ መስማታችሁ በየድምፁ ቅጥነት በነጥብና በመስመር በሚሳልበት ላይ ማለት ነው፣ ዕድሜና ጩኸት የሚተዉት ምልክት ይለያያል። ዕድሜ ሲሆን መስመሩ ወደ ቀጭኑ ድምፅ እየሄደ ቁልቁል እየወረደ ይቀራል። ጩኸት ሲሆን ግን ከ3,000 እስከ 6,000 ኸርዝ ባለው መሀል ጉድጓድ ይሠራል፣ 8,000 ላይ ተመልሶ ይወጣል። አብዛኛውን ጊዜም ሁለቱም ጆሮ ተቀራራቢ ነው። ግን ልብ በሉ፤ ዓመት ሲጨምር ዕድሜው የጉድጓዱን ወዲያኛ ጫፍ ይዞት ይወርዳል፣ ያኔ ሁለቱን መለየት ይከብዳል። እስከ ጡረታ የሚጠብቅ ሰው ማስረጃውን በራሱ ጊዜ እያጠፋ ነው።

እዚህ ላይ የሐኪሙ ወረቀት ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ሌላ ቦታ ሄጄ የተሰጠኝ ወረቀት "በሁለቱም ጆሮ የመስማት መቀነስ" ይላል፤ አለቀ። ምክንያቱን አይጠቅስም። በዚያ ወረቀት ካሳ የሚሰጥ አይኖርም። ሁለተኛው ሐኪም የት እንደሠራሁ፣ ስንት ዓመት፣ በቀን ስንት ሰዓት፣ ከሥራ ውጭ ጠመንጃ እተኩስ እንደሆነ፣ ጆሮ የሚጎዳ መድኃኒት ወስጄ እንደሆነ፣ በቤተሰብ ውስጥ የማይሰማ ሰው እንዳለ ሁሉ ጠይቆ ጽፎ ጉዳቱ በዋናነት ከሥራ ቦታ ጩኸት የመጣ ነው ብሎ ፈረመ። ይህቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት ፋይሉን ያንቀሳቀሰችው። ስለዚህ ሐኪም ጋ ስትሄዱ "አይሰማኝም" ብላችሁ ብቻ አትውጡ። ሥራችሁን ንገሩት፣ እንዲጽፈውም ጠይቁ። ቀለም፣ ማጣበቂያ ወይም ሟሟ ኬሚካል የምትነኩ ከሆነም ተናገሩ፤ ቶሉይንና ስታይሪን የሚባሉት እንዲሁም እርሳስ የሚባለው ማዕድን ራሳቸው ጆሮን ይጎዳሉ፣ ከጩኸት ጋር ሲሆኑ ደግሞ ይብሳሉ።

ምርመራው ራሱ ከባድ ነበር ለእኔ። ዝግ ሳጥን ውስጥ ትቀመጣለህ፣ ድምፅ ስትሰማ ቁልፍ ትጫናለህ። ሦስት ጊዜ ደገሙኝ፤ አስመሳይ ይሆናል ተብሎ ስለሚጠረጠር ውጤቱ እርስ በርሱ መግጠሙን ያያሉ። በሦስተኛው ላይ የሆነ ነገር ጉሮሮዬን ያዘኝ። በሕይወቴ ሙሉ የሌላ ሰው ሳንቲም ነክቼ አላውቅም፣ ያችን ቀን ግን እንደ ሌባ ተቀምጬ ነበር። በኋላ እንደተረዳሁት መደጋገሙ ለእኔም ይጠቅመኛል፤ ሦስቱም ውጤት ሲገጥም ተጠራጣሪው አፉን ይዘጋል። ቁልፍ መጫን የማያስፈልገው ምርመራም አለ፤ ጆሮው ራሱ የሚመልሰውን ስስ ድምፅ ወይም የነርቩን ምላሽ የሚለካ። ከተጠራጠሯችሁ እሱ እንዲደረግላችሁ ጠይቁ። ደግሞ ከምርመራው በፊት ቢያንስ 14 ሰዓት ከጩኸት ራቁ። ከሽፍት ወጥቶ በቀጥታ የሄደ ሰው ጆሮው ለጊዜው ደክሞ ስለሚሆን ውጤቱ የተሳሳተ ይሆናል፤ ያኔ ሌላው ወገን ያንን ይዞ ይከራከራል።

አሁን እኔን ያዳነኝን ወረቀት ልንገራችሁ። ሥራ በገባሁ በስድስተኛው ዓመት ክሊኒኩ ሁላችንንም አሰልፎ ጆሯችንን መርምሮ ነበር። አንድ ኮፒ ሰጡኝ፣ ምን እንደሆነ እንኳ ሳላይ ከልደት ካርዴ ጋር አንድ ፌስታል ውስጥ ከተትኩት። ከ11 ዓመት በኋላ ሳወጣው 4,000 ላይ ትንሽ ጎድጓዳ ነገር ያኔውኑ ይታያል። ማንም አልነገረኝም። አሜሪካ ውስጥ ቢሆን ከመጀመሪያው ምርመራ ጋር ሲተያይ በ2,000፣ በ3,000 እና በ4,000 ኸርዝ ያለው አማካይ በ10 ዴሲቤል ከተበላሸ ሠራተኛው በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ሊነገረው ይገባል። እኔ ያኔ ቢነገረኝ ክፍል እቀይር ነበር። ጩኸት ጆሮን በፍጥነት የሚጎዳው በመጀመሪያዎቹ 10 እና 15 ዓመታት ነው፤ ከጩኸቱ ከወጣህ ደግሞ በጩኸት የመጣው ጉዳት ብዙም አይቀጥልም። እነዚያን 11 ዓመታት ሳስብ አሁንም እንቅልፍ አይወስደኝም።

ግን ያቺ ወረቀት ባትኖር ባዶ እጄን ነበርኩ። አንድ ታላቃችን ነበሩ፣ 26 ዓመት ከእኛ ጋር የሠሩ፣ ሥራ ያስተማሩኝ ሰው። ዛሬ ጆሯቸው ሥር ካልጮኹላቸው አይሰሙም። ጡረታ ከወጡ ከዓመታት በኋላ ጠየቁ። ወረቀት የላቸውም፣ የድሮው የክሊኒክ መዝገብ የለም ተባሉ፣ በዚያ ላይ ይርጋ፣ ማለትም የመጠየቂያው የጊዜ ገደብ፣ አልፎታል ተባለ። ከእኔ ጆሮ የእሳቸው ብሶ እያለ እኔ አገኘሁ፣ እሳቸው አጡ። ይሄ ፍትሕ አይደለም፤ ልዩነታችን አንድ ፌስታል ነው።

ይርጋው ከአገር አገር ይለያያል። አንዳንዱ ጉዳቱን ካወቅህበት ቀን ይቆጥራል፣ አንዳንዱ ከሥራው ከወጣህበት ቀን። እንግሊዝ ውስጥ ለምሳሌ ለሥራ ጉዳት የሚከፈለውን የመንግሥት ድጎማ በመስማት ጉዳት ለመጠየቅ ከተዘረዘሩት የጩኸት ሥራዎች በአንዱ ቢያንስ 10 ዓመት መሥራት ያስፈልጋል፣ ከሥራው ከወጡ በ5 ዓመት ውስጥም ማመልከት ግድ ነው። "ካወቅህበት ቀን" የሚለው ደግ ይመስላል፤ ግን ሐኪም "ከሥራህ የመጣ ነው" ካለህ ቀን ጀምሮ ሰዓቱ መቁጠር ሊጀምር ይችላል። የሐኪም ወረቀት ይዞ "ቆይ ነገ" እያለ መሳቢያ ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው አውቃለሁ። አታስቀምጡ። የራሳችሁን አገር ደንብ በዚያው ሳምንት ጠይቁ።

ብዙ ቦታ የሠራ ሰውም አይፍራ። "የትኛው ድርጅት ነው ጆሮዬን የጎዳው?" እያሉ የሚተዉ አሉ። ብዙ ቦታ ኃላፊነቱ ጩኸት ወዳለበት የመጨረሻው አሠሪ ይሄዳል ወይም በአሠሪዎቹ መሀል ይከፋፈላል። የእናንተ ድርሻ የት፣ መቼ እስከ መቼ፣ ምን ሥራ እንደነበራችሁ የሚያሳይ የሥራ ልምድ ደብዳቤ መያዝ ነው።

ቀጥሎ "የጆሮ መከላከያ ሰጥተንሃል፤ አላደረግህም" መጣ። እውነት ነው፣ ሰጥተውናል። አደርግ ነበርም። ግን ማሽን ሲበላሽ ድምፁን ሰምቼ ነው ችግሩን የማገኘው፣ ስለዚህ አወልቃለሁ። እዚህ ላይ ያለው ስሌት ብዙ ሰው የሚያውቀው አይመስለኝም። 30 ዴሲቤል ይቀንሳል የተባለ መሰኪያ ከስምንት ሰዓት ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ብቻ ብታወልቀው የቀኑ ጥቅሙ ከ12 ዴሲቤል አይበልጥም። ግማሽ ሰዓት! ያቺ ግማሽ ሰዓት የቀረውን ሰባት ሰዓት ተኩል ትበላዋለች። ታዲያ ሥራው ራሱ እንድናወልቅ የሚያስገድድ ከሆነ መከላከያ ሰጥቻለሁ ማለት ብቻ በቂ ነው? ማሽኑን ማሻሻል፣ ድምፅ የሚውጥ ግድግዳ መሥራት፣ ሰውን በፈረቃ ማዘዋወር የአሠሪው ሥራ ነው፤ ጥጥ ጆሮ ውስጥ ከመክተት በፊት የሚመጣ ሥራ። ደግሞም በብዙ አገር የሠራተኛ ካሳ ጥፋተኛ እየተፈለገ የሚከፈል አይደለም። ጉዳቱ ከሥራ የመጣ መሆኑ ነው ዋናው ጥያቄ።

አሁን ካሳው የሚሰላበት የጉዳት መቶኛ። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ይሄንን ነው፣ "ስንት አሉህ?" እያለ። የእኔ ቁጥር እነሆ። ደህና በሚባለው ጆሮዬ ድምፅ የምሰማበት መነሻ በ500 ኸርዝ 20፣ በ1,000 ላይ 25፣ በ2,000 ላይ 40፣ በ3,000 ላይ 55 ዴሲቤል ነው። አማካዩ 35። በባሰው ጆሮ 25፣ 35፣ 55፣ 65፤ አማካዩ 45። ቁጥሩ ከፍ ሲል መስማት ይብስበታል። አሜሪካ ውስጥ በሰፊው የሚሠራበት ቀመር ከአማካዩ ላይ 25 ይቀንስና የቀረውን በ1.5 ያባዛል። ደህናው ጆሮ 15 በመቶ ይሆናል፣ የባሰው 30 በመቶ። ከዚያ ደህናው በ5 ተባዝቶ የባሰው ይደመርበትና ለ6 ይካፈላል። 17.5 በመቶ። የእኔም ጉዳይ በዚህ ዓይነት ስሌት ነው የታየው።

ወረቀቱን እስኪበቃኝ አየሁት። 4,000 ኸርዝ የት አለ? ያ ጉድጓድ፣ ጩኸት መጀመሪያ የሚበላው ቦታ፣ በእኔ 70 እና 75 የደረሰው፣ በስሌቱ ውስጥ የለም። ጩኸት መሆኑን የሚያስረዳው ነጥብ ካሳ ሲቆጠር አይቆጠርም። ጉዳቱ ገና 4,000 ላይ ብቻ ያለ ወጣት ሠራተኛ በዚህ ቀመር ዜሮ ነው የሚያገኘው፤ ግን ሰው በተሰበሰበበት ቦታ ቃል ይጠፋበታል። እንግሊዝ ውስጥ ያለው መስፈርት ደግሞ ከዚህ ይጠብቃል፤ በ1,000፣ በ2,000 እና በ3,000 ላይ ያለው አማካይ በእያንዳንዱ ጆሮ ቢያንስ 50 መሆን አለበት። የእኔን አሰላሁት። በባሰው ጆሮ ወደ 52 ይጠጋል፣ በደህናው ግን 40 ነው። ስለዚህ እዚያ ብሆን ከዚያ ድጎማ ምንም አላገኝም ነበር። ያው ጆሮ፣ ያቺው ልጅ፣ ያው የተዘጋ በር፤ አንድ ቦታ 17.5፣ ሌላ ቦታ ዜሮ።

ጭው የሚለው ነገርም አለ። ጆሮዬ ውስጥ ቀንም ሌሊትም የሚጮኽ ቀጭን ድምፅ አለ፤ ሌሊት ቤቱ ጸጥ ሲል ይብሳል። ብዙ ቦታ ብቻውን ካሳ አያስገኝም። በአሜሪካው የሐኪሞች መመሪያ መስማት ከተጎዳ ጋር አብሮ ሲመጣ እስከ 5 በመቶ ሊጨመር ይችላል። ለእኔ አልተጨመረም፤ ምክንያቱም ሐኪሙ ሲጠይቀኝ "እሱማ ለምጄዋለሁ" ብዬ ነበር። መዝገቡ ላይ "ታካሚው አላማረረም" ተብሎ ተጻፈ። እባካችሁ፣ የለመዳችሁትንም ተናገሩ። ወንድ ልጅ አያማርርም እያሉ ያሳደጉን እዚህ ቦታ ላይ አይጠቅሙንም።

ጉዳዩ ዓመት ከአራት ወር ፈጀ። ገንዘቡ ባንዴ ተከፈለኝ። ብዙ አልነበረም፤ ግን ደብዳቤው ላይ "ከሥራ የመጣ" የሚለውን ሳነብ ከገንዘቡ የበለጠ አንድ ነገር ደረቴ ላይ ለቀቀኝ። ባለቤቴ አንብባው ዝም አለች። ከዚያ "እኔኮ ሆን ብለህ ይመስለኝ ነበር" አለችኝ፤ ፊቴን ይዛ፣ ከንፈሯ እንዲታየኝ።

የመስሚያ መሣሪያውን ለብቻው ነው የተከራከርኩበት። ለካሳው ሲደራደሩ "ይሄ ሁሉን ያጠቃልላል" የሚል አንድ መስመር ደብዳቤው ግርጌ አስገብተው ነበር። የማኅበሩ ሰው ባያየው ፈርሜ ነበር። መሣሪያ አንድ ጊዜ ተገዝቶ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ በአምስት ዓመት ገደማ ይቀየራል፣ ባትሪ አለው፣ ማስተካከያ ምርመራ አለው። ገና 43 ዓመቴ ነው። ስንት ጊዜ እንደምቀይር ቁጠሩት። መስመሯ እንድትወጣ ጠየቅን፣ ወጣች። የመጀመሪያውን መሣሪያ ሸፍነዋል። ስለ ሁለተኛው ግን በጽሑፍ ያለው ነገር "እንደ አስፈላጊነቱ ይታያል" የሚል ብቻ ነው።

"ይታያል" የሚለው ቃል አልተመቸኝም። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ደብዳቤ ጻፍኩ፦ የመተኪያ ጊዜው በዓመት ተቆጥሮ ይጻፍልኝ፣ ባትሪና ዓመታዊ ምርመራ በስም ይጠቀስልኝ ብዬ። የሐኪሙን ወረቀት፣ የሦስቱን ምርመራ ውጤትና ያቺን የስድስተኛ ዓመት ኮፒ አያይዣለሁ። ኦሪጅናሏን አልሰጠሁም፤ ፌስታሏ ውስጥ ናት። ሰኞ አስገባና "ደርሶኛል" የሚል ፊርማና ቀን ኮፒዬ ላይ አስደርጌ እመለሳለሁ።